ቤቲ ላቬት፦ 28 ዓመት መደርደሪያ ላይ የቆየው አልበምና ሌሎች ቅጂዎቿ

የሸክላ ወዳጅ (ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)

በዚህ መድረክ ስለ አሬታ ፍራንክሊን፣ ስለ ኦቲስ ሬዲንግና ስለ ጄምስ ብራውን ብዙ ተጽፏል፤ ይገባቸዋልም። ስለ ቤቲ ላቬት ግን አንድም ክር አላገኘሁም። ይህን ክር የምከፍተው ይህች ድምፃዊት ከታላላቆቹ ጎን መቆም እንደሚገባት ስለማምንና ለዚህም ምስክሮቹ የገዛ ቅጂዎቿ ስለሆኑ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

የተወለደችው በ1946 መስኪገን በምትባል የሚሺጋን ከተማ ሲሆን ያደገችው ዲትሮይት ነው። አብዛኞቹ የሶል (ከመንፈሳዊ መዝሙር የተወለደ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) ድምፃውያን ድምፃቸውን የገሩት በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ነው። የእሷ መንገድ ከዚህ ይለያል። ወላጆቿ በቤታቸው መጠጥ ይሸጡ ነበር፤ ሳሎናቸው ውስጥም ሳንቲም ሲገባበት ሸክላ የሚያጫውት ማሽን ነበራቸው። ልጅቷ ዘፈንን የለመደችው ከዚያ ማሽን አጠገብ ነው። ይህ ነገር ለእኔ ትልቅ ትርጉም አለው፤ አዘፋፈኗ ከሰባኪ ይልቅ አጠገባችን ተቀምጦ ጉዳዩን የሚያወራልንን ሰው የሚያስታውሰን ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

በ1962፣ ገና በ16 ዓመቷ፣ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋን ቀዳች። ሥራው በአትላንቲክ ኩባንያ ስም ወጥቶ በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ገባ። በ1965 ካላ በተባለ አነስተኛ ኩባንያ የወጣው «ሌት ሚ ዳውን ኢዚ» ደግሞ ከዚያ እጅግ የላቀ ነው። በሰንጠረዡ 20ኛ ደረጃ ላይ ቢቆምም፣ እሷ ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ከመድረክ አላወረደችውም። በ1969 በሜምፊስ ለሲልቨር ፎክስ የሠራቻቸው ዘፈኖችም አሉ፤ ከእነርሱ መካከል «ሂ ሜድ ኤ ውማን አውት ኦቭ ሚ» የሚለው ጉልበቱ እስከ ዛሬ አልቀነሰም። እንዲህም ሆኖ፣ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከኩባንያ ወደ ኩባንያ እየተሻገረች ነጠላ ዜማ ከመቅዳት በቀር በስሟ የወጣ አንድም ሙሉ አልበም አልነበራትም።

ዕድሉ የመጣላት በ1972 ነው። አትላንቲክ እንደገና ተቀበላትና፣ ፕሮዲዩሰሩ ብራድ ሻፒሮ እየመራው፣ አላባማ ውስጥ በመስል ሾልስ ሙሉ አልበም ቀዳች። አልበሙ አለቀ፤ «ቻይልድ ኦቭ ዘ ሰቨንቲስ» የሚል ስምም ወጣለት። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ሐሳቡን ለወጠ። ከውስጡ «ዩር ተርን ቱ ክራይ» በነጠላ ወጣ፤ አልበሙ ግን መደርደሪያ ላይ ቀረ። እዚያው የቆየው እስከ 2000 ነው። በዚያ ዓመት ዢል ፔታር የተባለ ፈረንሳዊ ሸክላ ሰብሳቢ «ሱቬኒርስ» በሚል ስም አሳተመው፤ በ2006 ደግሞ በቀድሞ ስሙ እንደገና ታተመ።

ስለ እሷ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው፣ ረጅም ዘመን ተረስታ በእርጅናዋ «እንደ ተመለሰች» ነው። እኔ በዚህ አነጋገር አልስማማም። የ1972ቱን ቅጂ ያዳመጠ ሰው የሚያገኘው በ26 ዓመቷ ሁሉ ነገር የተሟላላትን ድምፃዊት ነው። ሥራዋ ዘግይቶ ተሰማ እንጂ እሷ አልዘገየችም። አድማጭ ያጣው ቅጂ ጉድለት ስላለበት ነው የሚለው ግምት በእሷ ላይ አይሠራም፤ ስለዚህ የመድረኩ ተሳታፊዎች ቅጂዎቹን ራሳቸውን አዳምጣችሁ የተሰማችሁን እንድትጽፉ እጠይቃለሁ።

የአዌቱ ዳር (ጅማ)

ጋሼ፣ ስለ ጽሑፉ ከልብ አመሰግናለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ይህችን ድምፃዊት ከዚህ በፊት በስም እንኳ አላውቃትም ነበር። ሁለት ጥያቄዎች አሉኝ። አንደኛ፣ ኩባንያው አልበሙን ያስቀረው ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ እችላለሁ፤ ነገር ግን የዘፈን ቃላት ሲፈጥኑ ያመልጡኛል። ቃሉ ሳይገባኝ የአዘፋፈኗን ጥራት መለየት እችላለሁን?

ባለ ሳክስ (ጅማ፣ መርካቶ)

ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ መስጠት እችላለሁ ብዬ አስባለሁ። በሠርግና በሆቴል መድረኮች ሳክስፎን ስጫወት የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የማዳምጠውም እንደ ተጫዋች ነው።

የ1965ቱን «ሌት ሚ ዳውን ኢዚ» ከመጀመሪያው ያዙት። ቫዮሊኖቹ የሚጀምሩት በጣት እየተቆነጠሩ ነው፤ ቀስቱ የሚመጣው በኋላ ነው። ምቱም በዘመኑ የሶል ዘፈኖች ላይ ከለመድነው ይለያል፤ ወደ ታንጎ ያዘነብላል። ዜማው በማይነር፣ ሐዘን በሚያሰማ ቅኝት፣ የተሠራ ስለሆነ ገና ቃል ሳይሰማ ጉዳዩ ከባድ እንደሆነ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ቅንብር ውስጥ የሚገባ ድምፃዊ ሁለት ፈተና አለበት፤ ከቫዮሊኑ ጋር አብሮ ማልቀስ ይቃጣዋል፣ ወይም በጩኸት ሊበልጠው ይሞክራል። እሷ ሁለቱንም አላደረገችም። መጀመሪያ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቃሉን ከምቱ ጥቂት ዘግየት እያደረገች ታስቀምጠዋለች። ልትተወኝ ከሆነ ቀስ ብለህ ተወኝ ብላ እየለመነች ስለሆነ፣ መዘግየቱ ራሱ የልመናው አካል ይሆናል። ወደ መጨረሻው ስትቃረብ ልመናው እየጨመረ ወደ ጩኸት ያድጋል፤ ድምፅዋ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። ያን ስንጥቅ አንድም ቃል የማያውቅ ሰው ይሰማዋል።

ከእርስዎ ጥያቄ ጋር የሚያያዝ ሌላም ነገር አለ። ቤቲ ላቬት በአብዛኛው የምትዘፍነው ሌሎች የጻፉትን ነው። በአሜሪካ የሮክ አድማጮች ዘንድ፣ በተለይ ከ1960ዎቹ በኋላ፣ ራሱ ጽፎ የሚዘፍን ሰው ይበልጥ ይከበር ስለነበር ይህ እሷን ሳይጎዳት አልቀረም። በእኛ ዘንድ ግን ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ቅንብሩ የሦስተኛው ሰው መሆኑ የተለመደ ነው። ትዝታን ስንት ድምፃዊ ዘፍኖታል! አድማጭ የሚመዝነው ዘፋኙ እንዴት እንደ ዘፈነው፣ የት ላይ እንደ ሳበው፣ የት ላይ እንደ ተወው ነው። በዚህ ጆሮ ያደገ ሰው ቤቲ ላቬትን ለመስማት አዲስ ትምህርት አያስፈልገውም።

የሸክላ ወዳጅ

ባለ ሳክስ የጻፉትን ደግሜ አነበብሁት፤ ስለ ትዝታ የተባለው እኔ ልለው ፈልጌ ያልደረስሁበት ነው።

ለእህታችን የመጀመሪያ ጥያቄ፦ ለዓመታት ስትናገር የኖረችው አጥጋቢ ምክንያት እንዳልተሰጣት ነው። ውሳኔውን ስትሰማ የምግብ ጠረጴዛ ሥር ገብታ አልወጣም እንዳለች በራሷ አንደበት ተናግራለች። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ዓመታት በአጭሩ ልለፋቸው። ለመኖር ስትል በትናንሽ ክለቦች ዘፈነች፤ «ባብሊንግ ብራውን ሹገር» በተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት በየከተማው እየተዘዋወረች ሠራች፤ በ1978 አንድ የዲስኮ ነጠላ ዜማ አወጣች። በስሟ የመጀመሪያው አልበም የታተመው በ1982 በሞታውን ኩባንያ ሲሆን፣ ይህም ከመጀመሪያ ቅጂዋ 20 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዚያ አልበም ውስጥ መልካም ዘፈኖች አሉ፤ የ1972ቱን ያህል ግን አያደርሱም፤ ቅንብሩ የዘመኑን ገበያ ሲከተል ድምፅዋን ያለሰልስባታል።

መምህር ከቆጪ

እስካሁን የተባለውን በአክብሮት ተከታትያለሁ፤ ይሁን እንጂ የክሩ ከፋች ሚዛኑን ከልክ በላይ ወደ ወጣትነቷ ቅጂዎች ያጋደሉት ይመስለኛል። እኔ ከፍተኛውን ስፍራ የምሰጠው በ2005 ለወጣው «አይቭ ጎት ማይ ኦውን ሄል ቱ ሬይዝ» ነው።

ምክንያቴን ላስረዳ። ፕሮዲዩሰሩ ጆ ሄንሪ የነበረው ይህ አልበም በሙሉ ሴቶች በጻፏቸው ዘፈኖች የተሠራ ነው። የዶሊ ፓርተን፣ የሉሲንዳ ዊሊያምስ፣ የጆአን አርማትሬዲንግና የሺኔድ ኦኮነር ሥራዎች ይገኙበታል። የሺኔድ ኦኮነርን ዘፈን ያለ ምንም መሣሪያ፣ በባዶ ድምፅ፣ አልበሙ መክፈቻ ላይ አድርጋዋለች። አንዲት ወደ 60 ዓመት የተጠጋች ሴት፣ ከበሮም ጊታርም ሳይከልላት፣ የሌለኝን አልመኝም የሚል ዘፈን ስትዘፍን የሚሰማው ነገር በ26 ዓመት ሊመጣ የሚችል አይደለም። በወጣትነቷ የምንሰማው ልመና ነው፤ በዚህኛው ግን ከልመና የወጣች፣ የሆነባትን ሁሉ ቆጥራ የጨረሰች ሴት ናት የምትናገረው። ድምፅዋ ጠልቋል፣ ሻክሯል፣ የላይኛው ክልሉም ጠቧል። እሷ ይህን ጥበት ተጠቅማበታለች፤ የማያስፈልገውን ኖታ ሁሉ ጥላ አንዲቱን ይዛ ትቀራለች።

እንደ ማስረጃ ደግሞ በዲሴምበር 2008 በኬኔዲ ማዕከል የክብር ምሽት ላይ ያቀረበችውን ተመልከቱ። የተከበሩት ዘ ሁ የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ አባላት ፒት ታውንሼንድና ሮጀር ዳልትሪ ነበሩ፤ እሷም የራሳቸውን «ላቭ ሬይን ኦወር ሚ» እንደ ጸሎት አዝግማ ዘፈነችው። ደራሲው ራሱ በገዛ ዘፈኑ ሲነካ በምስሉ ላይ ይታያል። የዚያን ምሽት ቅንብር የሠራው ሮብ ማቲስ በ2010 ከእሷ ጋር የእንግሊዝ ሮክ ዘፈኖችን ብቻ የያዘ አልበም ሠርቷል። እንግዲህ ይህ ሁሉ የመጣው ከ55 ዓመቷ በኋላ ከሆነ፣ በ1972 «ሁሉ ነገር ተሟልቶ» ነበር ማለት ይቻላልን?

የሸክላ ወዳጅ

መምህር፣ ስለ 2005ቱ አልበም የጻፉትን አንድም ቃል አልነቅፍም። የምከራከረው ስለ ድምዳሜው ነው። በ2005 የሚያደንቁት ቁጠባ፣ ማለትም አንዲቱን ኖታ ይዞ መቅረት፣ በ1972ቱ ቅጂ ላይ አለ። የጆን ፕራይንን «ሱቬኒርስ» እዚያው አልበም ውስጥ ያዳምጡት። ጸሐፊው ራሱ ወጣት ሳለ የጻፈው፣ ያለፈ ጊዜን የሚያነሣ ዘፈን ነው። እሷ ከዜማው አልፋ ችሎታዋን ለማሳየት አንድም ጊዜ አልሞከረችም። ዝናና ገንዘብ ሁለቱም የራቋት የ26 ዓመት ድምፃዊት፣ የመጀመሪያ አልበሟን እየቀዳች፣ ያለኝን ሁሉ ላሳይ የሚለውን ፈተና ማለፏ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ዕድሜ የጨመረላት ነገር እንዳለ አምናለሁ፤ መሠረቱን ግን ዕድሜ አላመጣውም።

ባለ ሳክስ

በሁለታችሁ መካከል አንድ ቅጂ አለ፤ እርሱም የ2007ቱ «ዘ ሲን ኦቭ ዘ ክራይም» ነው። ለዚህ አልበም ቤቲ ላቬት ወደዚያው ወደ መስል ሾልስ ተመለሰች፤ በዚህ ጊዜ ወደ ፌም ስቱዲዮ። አብሯት የሠራው ድራይቭ ባይ ትራከርስ የተባለው የሮክ ባንድ ነው። የባንዱ መሪ ፓተርሰን ሁድ የዴቪድ ሁድ ልጅ ነው፤ ዴቪድ ሁድ ደግሞ በ1972ቱ አልበም ላይ ባስ የተጫወተው ሰው ነው! አባትየው በ2007ቱም ላይ ባስ ተጫውቷል። ስፑነር ኦልድሃምም በኪቦርድ አለ።

ስለዚህ ያው ባስ ተጫዋችና ያችው ድምፃዊት በ35 ዓመት በተራራቁ ሁለት ቅጂዎች ጎን ለጎን ይሰማሉ። እኔ እንዲህ አድርጌ አዳምጫቸዋለሁ። በ1972 ከዴቪድ ሁድ ጋር ሮጀር ሆኪንስ በድራም፣ ጂሚ ጆንሰን በጊታር፣ ባሪ ቤኬት በኪቦርድ ነበሩ። እነዚህ ተጫዋቾች እጅግ የተስማሙ ስለሆኑ ሙዚቃው ይሸከማታል፤ እሷም ስትፈልግ ዘግየት ትላለች፣ ስትፈልግ ትቀድማለች፣ የትም ብትሄድ ይይዟታል። በ2007 የሮኩ ባንድ ጊታሮች ሻካራና ከባድ ናቸው። እዚህ ላይ ሙዚቃው አይሸከማትም፤ ትታገለዋለች። የምታሸንፈውም ድምፅዋን በመጨመር አይደለም፤ ባንዱ ሊደርስበት ከሚጠብቀው ቦታ ቀድማ ዝም ትላለች፤ ጊታሮቹም እሷን ሊጠብቁ ይገደዳሉ። መምህር የሚሉት የዕድሜ ጥበብ ይህ ይመስለኛል፤ የሸክላ ወዳጅ የሚሉት መሠረት ደግሞ በሁለቱም ላይ ቃሉን የምታስቀምጥበት ቦታ አለመለወጡ ነው።

የጅሬን እህት

ውይይቱ ካልተነሣ ጉዳይ ጋር እንዲያያዝ እፈልጋለሁ። ያ አልበም ከመደርደሪያ የወረደው በአንድ ፈረንሳዊ ሰብሳቢ ጥረት መሆኑን ሳነብ ወዲያው ያሰብሁት ስለ ራሳችን ሙዚቃ ነው። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ቅጂዎች በዓለም ዙሪያ የተሰሙት በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ ማዘጋጀት ሲጀምር ነው። ዓመቶቹም ይገጣጠማሉ። አምሐ እሸቴ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ያሳተመው በ1969 ነው፤ ይህም ቤቲ ላቬት በሜምፊስ የቀዳችበት ዓመት ነው። በ1972 እሷ በአላባማ ስትቀዳ፣ በከተማችን በጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ላይ በአገሩ ስም የሰየመውን አልበም አወጣ።

የእኔ ሐዘን ግን በዚህ አያበቃም። በዚያ ተከታታይ ውስጥ ለጥላሁን ገሠሠ፣ ለማሕሙድ አሕመድና ለዓለማየሁ እሸቴ ራሳቸውን የቻሉ ቅጾች ተሰጥተዋቸዋል፤ ለማሕሙድና ለዓለማየሁማ ከአንድ በላይ ነው። ከሴቶች 16ኛው ቅጽ ለአስናቀች ወርቁ፣ 21ኛው ለእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሆኗል። ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር የዘፈነችው ብዙነሽ በቀለ ግን፣ ውጭ አገር ጸሐፊዎች ሳይቀሩ ከአሬታ ፍራንክሊን ጋር የሚያስተያዩአት፣ ከመጀመሪያዎቹ 30 ቅጾች አንዱም በስሟ አልወጣም። ሒሩት በቀለም እንዲሁ። ስለዚህ የሸክላ ወዳጅ የሚከራከሩለት ነገር የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንዲት ድምፃዊት በሕይወት ሳለች ወይም ካለፈች በኋላ ሥራዋ በቅደም ተከተል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በአንድ ላይ ተሰብስቦ ካልታተመ፣ አድማጭ የሚያውቃት በተበታተኑ ሁለት ሦስት ዘፈኖች ይሆናል። በእነዚያ ላይ ተመሥርቶም ይፈርድባታል። ቤቲ ላቬት በ2000 ዕድሉን አገኘች፤ ከዚያ በኋላ የመጡት የ2005ና የ2007 ሥራዎች የተወለዱት ያ አልበም ተሰምቶ አዳዲስ ሰዎች ስለፈለጓት ጭምር ነው። መምህር የሚወዱት የኋለኛው ዘመን የቆመው ባልታተመው አልበም ላይ ነው ማለቴ ነው።

መምህር ከቆጪ

የእህታችንን የመጨረሻ ነጥብ እቀበላለሁ። ከዚህ በኋላ የ1972ቱን እንደ መቅድም አላየውም። በ2005ቱ አልበም ላይ ያለኝ ፍቅር ግን እንዳለ ነው።

ብዙነሽን በተመለከተ አንድ ሐሳብ አለኝ። በከተማችን ውስጥ የቆዩ ሸክላዎችና ካሴቶች ያሏቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ሸክላው እንኳ ባይጫወት የሽፋኑንና የመሐል ወረቀቱን ጽሑፍ ብንገለብጥ፣ የትኛው ዘፈን ከየትኛው ኦርኬስትራ ጋር፣ በየትኛው አሳታሚና በየትኛው ቁጥር እንደ ወጣ ማወቅ ይቻላል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ሳይኖር ማንም አሳታሚ ሙሉ ስብስብ ማዘጋጀት አይችልም።

የአዌቱ ዳር

የተባለውን ሁሉ አዳመጥሁ። በባለ ሳክስ ምክር መሠረት መጀመሪያ የ1965ቱን፣ ቀጥሎ የ1972ቱን አልበም፣ በመጨረሻም የ2007ቱን ሰማሁ። ቃሉ ሁሉ አልገባኝም፤ ስንጥቁ ግን ገብቶኛል። «ዩር ተርን ቱ ክራይ» ላይ እንደገና እንደገና ተመለስሁ። እንደ ገባኝ ከሆነ በዚህ ዘፈን ተራው የሌላው ሰው ነው፤ የምታለቅሰው እሷ አይደለችም። ድምፅዋ ግን በበቀል አይደሰትም። ያለቀሰችበትን ጊዜ የምታስታውስ ሰው ስለሆነች ታዝንለታለች የሚል ስሜት ነው ያገኘሁት። በትክክል ተረድቼው እንደሆነ ታላላቆቼ ንገሩኝ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። በ1972 የኒል ያንግን «ሃርት ኦቭ ጎልድ» እንደ ቀዳችም አየሁ። እርሱ በዚያው ዓመት የወጣና እጅግ የታወቀ ዘፈን ሆኖ ሳለ ለምን መረጠችው?

የሸክላ ወዳጅ

«ዩር ተርን ቱ ክራይ»ን በትክክል ተረድተሽዋል፤ እኔም የምሰማው ያንኑ ነው።

ስለ «ሃርት ኦቭ ጎልድ»፦ በዘመኑ የሶል ድምፃውያን የታወቁ የሮክና የፎክ ዘፈኖችን መቅዳታቸው የተለመደ ነበር፤ ኩባንያዎቹም ሰፊ ገበያ ስለሚያገኙበት ይወዱት ነበር። የእሷ ግን ከተለመደው ይለያል። የኒል ያንግ አዘፋፈን ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ ፍለጋው ገና የተጀመረ ይመስላል። እሷ ስትዘፍነው መፈለግ የሰለቻት ሴት ናት፤ ምቱ ወደ ፊት ይገፋታል፣ የሰውየው ዘፈን ላይ ያልነበረ ቁጣም ይገባበታል። ሁለቱን ተከታትለሽ ስሚያቸው። እርሱ ጥያቄ የሚያደርገውን መሥመር እሷ መልስ ታደርገዋለች፤ በተለይ ዕድሜ የሚጠቀስበት ቦታ ላይ ጆሮሽን ጣይ።

ባለ ሳክስ

እኔ ደግሞ እዚያው ዘፈን ላይ ባሱን አድምጪው እላለሁ። ይህ ቅጂ ከመስል ሾልስ ሳይሆን ከዲትሮይት ስለሆነ፣ ከአልበሙ ጋር ስታስተያዪው የሁለቱ ከተሞች አጨዋወት ልዩነት በግልጽ ይሰማሻል። መምህር የሸክላ ዝርዝሩን ለመጀመር ከፈለጉ፣ እኔ ዘንድ ያሉትን የብዙነሽ ካሴቶች ስምና ቅደም ተከተል ነገ እዚሁ እጽፋለሁ፤ የጅሬን እህትም ያሏትን ብትጨምርበት መልካም ነው።